ያመለጡ የጨረር ቀኖች

ሙያዬ የጨረር ሕክምና ቴክኖሎጂስትነት ነበር። ታካሚውን ከጠባቡ አልጋ ላይ አስተካክሎ ማስተኛት፣ ቆዳው ላይ የተሰመረውን ምልክት ከብርሃኑ መስመር ጋር ማጋጠም፣ ወጥቶ ከባዱን በር መዝጋት፣ ደቂቃውን መጠበቅ፣ ተመልሶ ገብቶ «እማማ፣ አለቀ፤ ቀስ ብለው ይነሡ» ማለት። ከዚያ ካርዱን መሙላት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ወጥቷል፤ ካርዶቹ ግን አልወጡም፤ በተለይ የ2012 ዓ.ም. ካርዶች።

ካርዱ በሠንጠረዥ የተሰመረ ወፍራም ወረቀት ነው። በአንዱ ዓምድ ቀኑ ይጻፋል፤ በሌላው ታካሚው ጨረር ሲወስድ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ፤ ቀጥሎ የዕለቱ መጠን፤ ቀጥሎ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው ድምር፤ ከዳር የሰጠው ሰው ፊርማ። ደኅና የሄደ ሕክምና ገና ካርዱን ሲገልጡት ይታወቃል። ቀኖቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተከታትለው ይወርዳሉ፣ ቅዳሜና እሑድን ይዘልላሉ፣ እንደገና ከሰኞ ይጀምራሉ። ከመጋቢት እስከ ሰኔ 2012 የተሞሉት ብዙዎቹ ግን እንዲህ አልነበሩም። ዐሥራ አንደኛው መጋቢት ላይ ተሰጥቶ ዐሥራ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ የተሰጠበት ካርድ ነበር። ግማሽ ላይ ቆሞ የቀረም ነበር። ስለ ኮሮና ዘመን በአገራችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ትምህርት ቤቶች መዘጋት፣ ስለ ሆቴሎች ኪሳራ፣ ስለ ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋዎች። በእነዚያ ካርዶች ላይ ክፍት ስለቀሩት መስመሮች ያነበብኩት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የማውቀውን እኔው ልጻፍ አልኩ።

ክፍት መስመር ለምን እንደሚያስፈራ ለመናገር ራቅ ካለ ቦታ መነሣት ያስፈልጋል። ታካሚዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ሲስተር፣ በየቀኑ ከምታመላልሱኝ አንድ ጊዜ አብዝታችሁ ሰጥታችሁኝ ወደ አገሬ ብገባስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጨረር ሐኪሞችም ያሰቡት እንዲሁ ነበር። ቪልሄልም ሮንትገን በጀርመኗ ቩርትስቡርግ ከተማ ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። ዓመት ሳይሞላው ጨረሩ ለሕክምና ተሞከረ። በ1898 ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን አገኙ፤ እሱም ወደ ሕክምናው ገባ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሐኪሞች ጨረሩን በአንድ ወይም በጥቂት ቀን አብዝተው ይሰጡ ነበር። ዕባጩ ይሟሽሻል፤ ቆዳው ግን ይቃጠላል፣ ቁስሉ አልድን ይላል፣ ብዙ ጊዜም ካንሰሩ ተመልሶ ይመጣል።

መልሱ የተገኘው ከበግ ነው። በፓሪስ የራዲየም ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ክሎዲዩስ ረጎ የአውራ በግ ቆለጥ ላይ ጨረር አሳርፎ ሞከረ። ቆለጥ ውስጥ ያሉት ዘር ሠሪ ሕዋሶች ሳያቋርጡ ስለሚከፋፈሉ የካንሰር ዕባጭን ጠባይ ያሳዩኛል ብሎ ነው። በጉን በአንድ ጊዜ ጨረር ለማምከን ሲሞክር የላይኛው ቆዳ ክፉኛ ይቆስላል። ጨረሩን ከፋፍሎ በተለያዩ ቀናት ሲሰጥ ግን በጉ መከነ፤ ቆዳውም ተረፈ። ባልደረባው አንሪ ኩታር ይህንኑ ወስዶ የጉሮሮ ካንሰር ታካሚዎች ላይ ለሳምንታት በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ጀመረ። በ1922 ፓሪስ ላይ ለሙያ ጓደኞቹ ያቀረባቸው ከገፋ የማንቁርት ካንሰር የዳኑ ሰዎች ናቸው። እኛ ዛሬ ለአንድ ታካሚ 25፣ 30፣ 35 ጊዜ የምንለው ሁሉ ከዚያ የወረደ ልማድ ነው። ጤነኛው ሥጋ በሁለት ጨረሮች መካከል ባለው ጊዜ ራሱን ይጠግናል፤ ካንሰሩ በዚህ በኩል ደካማ ነውና እየተጎዳ ይሄዳል።

ሌላው ግማሽ ለመታወቅ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ወሰደ። ዕረፍት ለካንሰሩም ይጠቅመዋል። ሮድኒ ዊዘርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት የራስና የአንገት ካንሰር ታካሚዎችን መዝገብ አገላብጠው አንድ ነገር አሳዩ። ሕክምናው ከተጀመረ ወደ አራተኛው ሳምንት ሲጠጋ ከጨረሩ የተረፉት የካንሰር ሕዋሶች ከበፊቱ በፈጠነ ሁኔታ መራባት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ለምትጨመር ለእያንዳንዷ ቀን፣ ካንሰሩ ያገኘውን ለማካካስ ብቻ 0.6 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል ተጨማሪ መጠን ያስፈልጋል። የአንድ ቀን ልማዳዊ መጠን 2 ግሬይ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ከዕለቱ ሕክምና ወደ ሲሶው የሚጠጋ ኪሳራ ነው። የማኅፀን ጫፍ ካንሰርም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ከውጭና ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር በድምሩ በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ባለፈ ቁጥር በሽታውን የመቆጣጠር ዕድል በቀን እስከ 1 በመቶ ይቀንሳል። የእንግሊዝ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ኮሌጅ እነዚህን ፈጣን ካንሰሮች አንደኛ መደብ ብሎ ለይቶ፣ ሕክምናቸው ከታቀደው ከሁለት ቀን በላይ እንዳይራዘም ደንብ አውጥቷል። ቀን ካመለጠ ቅዳሜ ይሰጣል፤ ወይም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ተጠብቆ።

አደጋ ሕክምናን ሲያቋርጥ ምን እንደሚሆን ከኮሮና በፊትም የታየበት አጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ጨረር እየወሰዱ ሳለ አካባቢያቸው በአውሎ ነፋስ የተመታ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎችን አውሎ ነፋስ ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዕድሜ አጥሮ ተገኘ። የአደጋው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጉዳቱም ከፋ። እንግዲህ ወረርሽኝ ቀናት ሳይሆን ወራት የሚቆይ አውሎ ነፋስ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ነው። ማሽኑ የኮባልት ነበር። የኮባልት ሕክምና በካናዳ በ1951 ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ፣ እንደ እኛ መብራት በሚጠፋበት አገር አስተማማኝ የሆነ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ጨረሩ የሚመነጨው ከኤሌክትሪክ ሳይሆን በማሽኑ ራስ ውስጥ፣ በከባድ ብረት ተከልሎ ከተቀመጠ የኮባልት 60 ምንጭ ነው። ይህ ምንጭ ቢሠራበትም ባይሠራበትም ያልቃል፤ በወር 1 በመቶ ያህል እየቀነሰ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ግማሹ ይሄዳል። በአዲስ ምንጭ ሁለት ደቂቃ የሚበቃው ታካሚ ምንጩ ሲያረጅ አራት ደቂቃ መተኛት አለበት። ይህን ከደጅ ለሚጠብቀው ሰው አስቡት። ማሽኑ ሳይበላሽ፣ ሠራተኛው ሳይሰንፍ፣ ወረፋው በራሱ ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል።

ሕዝቧ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለደረሰ አገር ከ20 ዓመት በላይ የነበረው ይህ አንድ ማዕከል ብቻ ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያው የካንሰር ስፔሻሊስት ተብለው የሚታወቁት ዶክተር ቦጋለ ሰሎሞንና ከእሳቸው ጋር በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣውን ሕመምተኛ ያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 እዚያ የታከሙ 1,059 የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ሕመምተኞችን መዝገብ ያጠኑ ሐኪሞች፣ ሴቶቹ ጨረር እስኪጀምሩ በአብዛኛው ከ3 ወር በላይ እንደጠበቁና የብዙዎቹ በሽታ በዚያ መካከል ደረጃ እንደዘለለ ጽፈዋል። ይህን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አንድ ማሽን ሊሠራ ከሚችለው በላይ አይሠራም። ወረርሽኙ ሲመጣ ያገኘን እንዲህ ሆነን ነው ለማለት ነው። ሌላው አገር ሙሉ ነገር ነበረውና ጎደለበት፤ የእኛ ከመጀመሪያውም ጎዶሎ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ተነገረ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የየብስ ድንበር ተዘጋ፤ ትግራይ ክልል ከፌዴራሉ መንግሥት ቀድሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ሌሎቹም ክልሎች የየራሳቸውን የጉዞ እገዳ አወጡና ከክልል ወደ ክልል የሚያቋርጠው የሕዝብ ማመላለሻ በብዙ መስመር ቆመ። መጋቢት 30 ለአገሪቱ በሙሉ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲና አውቶቡስ ከሚይዘው ግማሹን ብቻ እንዲጭን ተደረገ፤ ቆይቶም የታክሲው ታሪፍ እጥፍ ሆነ። እርምጃው ትክክል አልነበረም አልልም። ያኔ ማንም የሚመጣውን አያውቅም፤ ከጣሊያን የሚታየው ምስል የሚያስደነግጥ ነበር። ነገር ግን በየቀኑ መምጣት ያለበት ሰው እንዳለ ያሰበ አዋጅ አላየሁም።

በየቀኑ የሚመጣው ሰው ማን ነው? ከጎጃም፣ ከባሌ፣ ከከፋ፣ ከወለጋ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ፣ ከአንድ አስታማሚ ጋር ተክለ ሃይማኖት ወይም ጎማ ቁጠባ አካባቢ አልጋ ተከራይቶ የሚያድር ነው። ለሰባት ሳምንት የሚሆን ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ጥቂት ነው። የያዘው ሲያልቅ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ በግ ይሸጣል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ይመለሳል። የጨረር ሕክምናችን የቆመው በአውቶቡስ ተራ ላይ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። አውቶቡሱ ሲቆም ለብር የሄደው እዚያው ቀረ። አዲስ አበባ የቀረውም አልተመቸውም፤ ማሳል የጀመረ ታካሚ ከአከራዩ ቤት ውጣ የተባለበት ጊዜ ነበር። የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ አለማሳል አይችልም።

የመጥሪያ ስልክ መደወል የእኔና የአንዲት ነርስ ሥራ ሆነ። በዚያን ጊዜ የደወለ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ገና ጥሪው ሳይጀምር የተቀዳ ድምፅ ስለ ኮሮና ያስጠነቅቃል፤ እጅ መታጠብ፣ ርቀት መጠበቅ፣ ከቤት አለመውጣት። ያ ድምፅ ሲጨርስ እኔ እጀምራለሁ፤ «ቶሎ ይምጡ» ለማለት። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የታካሚው አይደለም። የወንድም ልጅ ነው፣ የጎረቤት ባለሱቅ ነው፣ አንዳንዴም የቀበሌ ሊቀ መንበር። ሰውየው «ቆይ ልጥራት» ብሎ ይሄዳል፤ እስከዚያ ሂሳቡ እየቆጠረ የዶሮና የሕፃናት ድምፅ ትሰማላችሁ።

ከባሌ በኩል የመጡ አንድ እናት ነበሩ፤ «አዴ» እንላቸው ነበር። የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ነው። ከውጭ የሚሰጠውን ጨረር ከግማሽ በላይ ወስደው፣ ብር አልቆባቸው ከልጃቸው ጋር ወደ ቤት እንደሄዱ መንገዱ ተዘጋ። ስደውል በአማርኛና በኦሮምኛ ቀላቅለው ያሉኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ መንግሥት ቤታችሁ ተቀመጡ አለ። አንቺ ደግሞ ነይ ትይኛለሽ። የቱን ልስማ?» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ በእውነት እየጠየቁኝ ነው። እኔም ማስረዳት ነበረብኝ። ቤት መቀመጥ ለጤነኛ ሰው መዳኛ እንደሆነ፣ ለእሳቸው ግን የተቀመጡባት እያንዳንዷ ቀን ለበሽታው ጉልበት እንደምትሆን፣ በስልክ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። ባለሱቁም ከጎን እየተረጎመ ያግዘኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

አዴ የመጡት በአይሱዙ ነው፤ እህል ከጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ከልጃቸው ጋር ተጣብቀው። የጭነት መኪና አልተከለከለም ነበርና ብዙ ታካሚ ያዳነው እሱ ነው። በእጃቸው ሐኪም የጻፈላቸው የቀጠሮ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው አንዱ ኬላ ላይ ሲያሳልፋቸው ሌላው ላይ ግማሽ ቀን አስቁሟቸዋል። ሲደርሱ 8 ሳምንቱ አልፏል። ልብሳቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ሲተኙ ከሆዳቸውና ከዳሌያቸው በቀለም የተሰመሩት ምልክቶች ጠፍተዋል። ስንለያቸው ቦታውን በሳሙና እንዳያሹት ነግረናቸው ነበር፤ ግን ያ ሁሉ ጊዜ ሳይታጠቡ መቆየት አይቻልም፤ ደግሞም አገር ሁሉ ታጠቡ እየተባለ ነው። ምልክቱ ከሌለ ጨረሩ የት እንደሚያርፍ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል መለካቱ ከመጀመሪያ ተጀመረ። ፊዚሲስቱ ያመለጡትን ቀናት ቆጥሮ ተጨማሪ መጠን አሰላ። ተጨማሪው ደግሞ ልክ አለው፤ አንጀትና ፊኛ የሚችሉት የተወሰነ ነው። እንዲሁ እየተመዘነ ጨረሱ። በሽታው እንደተመለሰባቸው የሰማሁት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱ ባይዘጋ ኖሮ ይድኑ ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ቀድሞውንም የገፋ በሽታ ነበር። ነገር ግን በመቶ እንደ እሳቸው ያሉ ሴቶች ላይ ይህ ቢደርስ ስንቶቹ ሊተርፉ ሲችሉ እንደማይተርፉ በግምት የሚነግር ስሌት አለ፤ ያንን ስሌት እያወቁ ካርድ መሙላት ከባድ ነው።

ክፍሉ ውስጥም ሥራው ተለወጠ። በእያንዳንዱ ታካሚ መካከል አልጋውንና የእጅ መያዣውን በበረኪና መጥረግ፣ በሩን ከፍቶ አየር ማስገባት፣ ከደጅ ርቀት አስጠብቆ ማስቀመጥ። ደቂቃ በደቂቃ ላይ ሲደመር በቀን የምናክመው ሰው ቁጥር ቀነሰ። የራስና የአንገት ታካሚ የፊት መሸፈኛውን ማውለቅ ግድ ነው፤ እኛም ከፊቱ በክንድ ርቀት ቆመን አንገቱን ማስተካከል ግድ ነው። ፈርተን ነበር። ልጆች ያሏቸው ወጣት ባልደረቦቼ ማታ ቤት ሲገቡ ከደጅ ልብስ እየቀየሩ ነበር የሚገቡት። ከሥራ ግን አልቀሩም።

ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 2020 በተዘጋችው የቻይናዋ ዉሃን ከተማ የሚገኘው የዦንግናን ሆስፒታል ሐኪሞች ያዩአቸውን 1,524 የካንሰር ታካሚዎች መርምረው፣ በቫይረሱ የተያዙት 0.79 በመቶ መሆናቸውን፣ ይህም ከከተማው ሕዝብ መጠን በእጥፍ እንደሚበልጥ በመጋቢት ወር አሳተሙ። ወደ ሆስፒታል መመላለሱ ራሱ ሳያጋልጣቸው እንዳልቀረ ጻፉ። በዓለም ያሉ የጨረር ክፍሎች ሁሉ ያንን አነበቡ። ታካሚውን ብትጠራው ቫይረሱ፣ ብትተወው ካንሰሩ።

ከዚህ አጣብቂኝ የወጣው መንገድ የቀኖቹን ቁጥር ማሳጠር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ ከራልስተን ፓተርሰን ዘመን ጀምሮ በሦስት ሳምንት የመጨረስ ልማድ ነበር፤ ሌላው ዓለም ግን አምስት፣ ስድስት ሳምንቱን አጥብቆ ይዞ ቆየ። ለጡት ካንሰር 15 ጊዜ መስጠት ከ25 ጊዜ እንደማያንስ በብዙ ጥናት ተረጋግጦ ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መሐል፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 መጨረሻ፣ ላንሴት መጽሔት 4,096 ታካሚዎች የተሳተፉበትን የእንግሊዝ ጥናት ውጤት አወጣ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ በ5 ቀን የሚሰጥ 26 ግሬይ፣ በሦስት ሳምንት በ15 ቀን ከሚሰጥ 40 ግሬይ በአምስት ዓመት ውጤቱ አላነሰም። እንግሊዞች ጥናቱ እስኪታተም እንኳ አልጠበቁም። በሚያዝያ 2019 ከ100 የጡት ታካሚዎች አንዷ እንኳ በ5 ቀን አትጨርስም ነበር፤ በሚያዝያ 2020 ከ100 ወደ 60 የሚሆኑት በዚያ መንገድ ታከሙ። መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የረጎና የኩታር ልማድ በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ሲታጠፍ አይቼ አላውቅም።

እኛ ዘንድ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አልነበረም። የዕለቱ መጠን ከፍ ሲል ስሕተትን የሚታገሠው ልክ ይጠባል። በኮባልት ማሽን፣ በሲቲ ምስል ላይ ባልተመሠረተ ዕቅድ፣ ትልቅ ጡት ላይ 5 ቀን ብቻ መስጠት ልብንና ሳንባን ሊጎዳ፣ ቆዳንም ሊያበላሽ ይችላል። 15 ጊዜው ግን በእኛም እጅ ይሠራል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የአጥንት ሕመም አለ። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚያሠቃየው ሰው በአንድ ቀን 8 ግሬይ ቢሰጠው ሕመሙ በብዙ ቀን ከሚሰጠው እኩል እንደሚያስታግስለት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ተመልሶ መምጣት ሊያስፈልገው ይችላል እንጂ እፎይታው አያንስም። ወለጋ ለሚኖር ገበሬ ይህ ማለት አንድ ቀን መጥቶ፣ ማታ አድሮ፣ በማግስቱ ቤቱ መግባት ማለት ነው። ወረርሽኙ ቢመጣም ባይመጣም ለእኛ ሰው የሚስማማው ይኸው ነበር። አገሩ ሰፊ፣ ማሽኑ አንድ፣ ኪሱ ባዶ በሆነበት ቦታ አጭሩ ሕክምና ከማንም በፊት ለእኛ መምጣት ነበረበት፤ ይህን ስል ምርር ብሎኝ ነው።

በዚያ ዓመት የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የተመረመረውን፣ የተያዘውን፣ የሞተውን ሰው ቁጥር ያሳውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በይፋ የተመዘገበው የኮቪድ ሟች ወደ 1,900 ነበር። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ በኢትዮጵያ 77 ሺሕ ገደማ አዲስ የካንሰር ሕመምተኞችና ከ50 ሺሕ በላይ ሞት እንደሚኖር ገምቷል። ሁለቱን ቁጥሮች ማፎካከር አልፈልግም፤ የኮቪዱ ቁጥር ያነሰው በከፊል ስለተጠነቀቅን ሊሆን ይችላል። ግን መንገድ ተዘግቶባቸው የሞቱት የትኛው ሠንጠረዥ ላይ ይግቡ? የሞት ምክንያታቸው ሲጻፍ ካንሰር ነው የሚባለው። እውነትም ካንሰር ነው። ያመለጡት ቀኖች የተጻፉት እኛ ካርድ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ጦርነት ዞረ። በጥቅምት 2013 መጨረሻ ውጊያው ሲጀመር ከመቀሌ የሚመጣው መንገድም በረራም ተቋረጠ፤ በወረርሽኙ ጊዜ ቢያንስ እህል የጫነ መኪና ነበር፤ ያኔ ግን እሱም ጠፋ። ስለዚያ መጻፍ ያለበት መቀሌ የነበረ ባልደረባ ነው፤ እኔ አልነበርኩም።

ስለ ማሽኖቹ ግን ልበል። ከኮባልት በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው ሊኒየር አክስለሬተር የሚደረገው ሽግግር ዓመታት ሲጓተት ቆይቶ ሥራ ጀምሯል፤ ጥቁር አንበሳ አገኘ፣ ጅማም የራሱን የጨረር ሕክምና ጀመረ። ሊኒየር አክስለሬተር የሚያረጅ ምንጭ የለውም፤ ሲቲ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ስለሚጠቀም የ5 ቀኑን የጡት ሕክምና ለመስጠት ያስችላል። በአንጻሩ ያለ መብራትና ያለ ማቀዝቀዣ ውሃ አይሠራም፤ የመለዋወጫ ዕቃውም ውድ ነው። ስለዚህ የጥገና ባለሙያ ማሠልጠን ማሽን ከመግዛት እኩል መታየት አለበት፤ በዚህ ላይ ከአስተዳዳሪዎች ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ፤ አሁንም በጡረታዬ እከራከራለሁ። የሕመምተኛ ማረፊያም እንዲሁ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች አልጋና ምግብ የሚሰጥ ቤት አለው። እንዲህ ያለ ማረፊያ የጨረር ማሽን ባለበት ሆስፒታል ሁሉ አጠገብ ቢኖር አዴ ለብር ብለው ወደ ባሌ ባልሄዱ ነበር። የቀጠሮ ደብዳቤውም ጉዳይ ገና አልተፈታም። ሌላ አዋጅ ሲመጣ የትኛውም ኬላ ላይ የሚታወቅ፣ አንድ ዓይነት ማኅተም ያለው የታካሚ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ አሁን፣ መንገዱ ክፍት ሳለ መዘጋጀት ያለበት እሱ ነው።

በቅርቡ አብራኝ ትሠራ ከነበረች ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ ከቦንጋ የመጣች የጡት ታካሚ ጅማ ላይ ሕክምናዋን ጨርሳ መሄዷን ነገረችኝ። አዲስ አበባ ብትመጣ ኖሮ ከጅማ ወዲህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርባት ነበር። «ካርዷስ?» አልኳት። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አንድም ቀን አላመለጣትም አለችኝ።